ልቤ ነው የቀደመው ወይስ ውጤቴ?

ጥያቄው

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። አሁን ያለሁት መሐል ሜዳ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ነው። ግቢ መግባት ስላልቻልን በቴሌግራም መማር ከጀመርን ሁለተኛ ሴሚስተራችን ነው። ውጤቴ ከ3.4 ወደ 2.8 ወርዷል። ድሮ ክፍል ውስጥ እጅ የማወጣ ልጅ ነበርኩ። አሁን ግሩፑ ላይ አንዲት ጥያቄ ለመጻፍ እንኳ እፈራለሁ። ሆስፒታል ስንመለስ ታማሚ ፊት እጄ ይንቀጠቀጣል እያልኩ ከወዲሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በራስ መተማመኔ ስለጠፋ ነው ውጤቴ የወረደው? ወይስ ውጤቴ ስለወረደ ነው በራሴ መተማመን ያቃተኝ? መምህሩን በግል ብጠይቃቸውስ ሰነፍ ናት ይሉኛል?»

መልስ

የኔ እህት፣ እንደምን አለሽልኝ። መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ሆኜ እጄን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅሁ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ ያለሽበት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ብርዱን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ዶሮ ቀደመች ወይስ እንቁላል» ነው የጠየቅሽኝ። መልሱ ሁለቱም ነው። ግን እኩል አይደሉም። አሜሪካኖች በአንድ ወቅት ልጆች ራሳቸውን እንዲወዱ ካደረግን ጎበዝ ተማሪ ይሆናሉ ብለው በጣም አምነው ነበር። ከዚያ ሮይ ባውማይስተር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የተጠኑትን ጥናቶች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2003 አገላበጣቸው። የተማሪን ስሜት ከፍ ማድረግ ብቻውን ውጤት ከፍ እንደማያደርግ አገኙ። ባብዛኛው የሚቀድመው ውጤቱ ነው። ሰው ሠርቶ ሲሳካለት ነው ልቡ የሚሞላው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያደናግረናል። «በራስ መተማመን» ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠቀልላለን። አንደኛው «ሰው ነኝ፣ ዋጋ አለኝ» የሚለው ነው። እሱ ያንቺ ችግር አይመስለኝም። ሁለተኛው «ይህችን የተወሰነች ሥራ እችላታለሁ» የሚለው ነው። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጻፈ፤ እስከ ዛሬም የነርስ መምህራን የሚመላለሱበት እሱ ነው። ችሎታዬን አምናለሁ የሚል ሰው እምነቱን ከአራት ቦታ ይቀዳል አለ። ራሱ ሠርቶ ከተሳካለት ነገር። እንደሱ ያለ ሌላ ሰው ሲሠራ ከማየት። የሚያከብረው ሰው «ትችያለሽ» ሲለው። አራተኛው፣ የገዛ ሰውነቱ የሚነግረው ነው፤ የልብ ምቱ፣ የእጁ ላብ፣ የጉልበቱ መብረክረክ።

ከአራቱ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታደለው ደግሞ ሦስተኛው። «አይዞሽ! ጎበዝ ነሽ እኮ!» አይዞሽ ደግ ቃል ነው፣ አልጠላውም። ግን አይዞሽ ደም ሥር አያገኝም።

አሁን ቴሌግራም ምን እንደወሰደብሽ አስቢ። የስኪል ላቡ፣ የተግባር መለማመጃ ክፍሉ፣ አሻንጉሊት የለም። ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ የለም። የመምህሯ ራስ መነቅነቅ የለም። ሠርተሽ የሚሳካልሽ ነገር ስለሌለ የመጀመሪያው ምንጭ ደረቀ። ሁለተኛው ግን የደረቀው ማንም በማያስተውለው መንገድ ነው። ክፍል ውስጥ ሳለሽ፣ ኩላሊት እየተብራራ አጠገብሽ ያለችው ልጅ ግንባሯን ስትቋጥር ታያለሽ። «ለካ የከበደው ለእኔ ብቻ አይደለም» ትያለሽ። ቴሌግራም ላይ ያልገባው ሰው አይታይም። የሚታየው «ቴንኪው ሰር» ብቻ ነው። ሰባ ልጅ አውራ ጣት ይልካል። አንቺ ከሰባው መሀል ብቸኛዋ ደደብ የሆንሽ ይመስልሻል።

ይህን የማውቀው ከማዶ ስለነበርኩ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ ተገኘ ሲባል፣ በሦስት ቀኑ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ተማሪዎቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ተበተኑ። እኔም እንደሌላው መምህር ግሩፕ ከፍቼ ፒዲኤፍ መላክ ጀመርኩ። አንድ ቀን የፈሳሽና ኤሌክትሮላይትን (የሰውነት ውሃና ጨዎችን) ምዕራፍ ልኬ «ጥያቄ አለ?» አልኩ። ዝም። አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ አበባ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ስድስት ልጆች መርጬ ደወልኩ። አምስቱ ከሁለተኛው ገጽ አላለፉም። ስድስተኛው ፋይሉን አላወረደውም፤ ፓኬጁ አልቆበታል። ሁሉም ግን «ሌሎቹ የገባቸው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ። ግሩፕሽ ላይ ያለው ዝምታ የምን ዝምታ እንደሆነ ከዚህ ተረጂው።

ደግሞ ሁሉንም ጥፋት በልብሽ ላይ አትጫኚ። ጥናቶቹ ተደማምረው ሲታዩ በችሎታ መተማመንና የትምህርት ውጤት የሚያያዙበት ልክ ከ0.3 እስከ 0.4 አካባቢ ነው። በቀላሉ ሲነገር፣ ከተማሪ ተማሪ ካለው የውጤት ልዩነት ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ ብቻ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ትልቁ ክፍል ሌላ ቦታ ነው። መብራት ነው። ኔትወርክ ነው። ሁለተኛ ቋንቋ በሆነ እንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድን ያለ አስረጂ ብቻሽን መፍታት ነው። እና ቤቱ ራሱ ነው። ቤት የተቀመጠች ሴት ልጅ ሥራ የፈታች ትመስላለች። ውሃ ቅጂ፣ እንጀራው ደረሰ፣ እንግዳ መጥቷል ቡና አፍዪ። ወንድምሽ ደብተር ከያዘ «ተዉት ያጥናበት» ይባላል። ስልክ የያዝሽው አንቺ ከሆንሽ ግን የምትጫወቺ ነው የሚመስለው። ለእናትሽ «ማጥናት አለብኝ» አትበያት፤ ማለቂያ የለውም። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ያንቺ ነኝ» በያት። እናቶች ሰዓት የተቆረጠለትን ነገር ያከብራሉ። በልምዴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ አጠናንሽ። ገምቼ ልናገር፤ ፒዲኤፉን ትከፍቻለሽ፣ ታነቢያለሽ፣ ደግመሽ ታነቢያለሽ፣ በሦስተኛው «እህ፣ ይህንንማ አውቀዋለሁ» ትያለሽ። ፈተናው ላይ ይጠፋል። ከዚያ «እኔ አልረባም» ይመጣል። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ አጠናው። ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ አራት ጊዜ ያጠኑት 40 ከመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ራሳቸውን የፈተኑት 61። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ገና በጥናቱ ቀን «ሳምንት ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ይበልጥ በራሳቸው የተማመኑት እነዚያ ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። ይህን በራስ መተማመን በአፍንጫዬ ይውጣ! ከመጀመሪያውም ያልነበረ ነገር ነው ፈተና ላይ የጠፋብሽ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ማታ ደብተሩን ዝጊና አሥር ጥያቄ ለራስሽ ጻፊ። ሳታዪ መልሺ። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን «እርግጠኛ ነኝ» ወይም «ይመስለኛል» ወይም «ገመትኩ» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ አርሚ። ገምተሽ የሳትሽው ችግር የለውም፤ ታነቢዋለሽ። «ይመስለኛል» ብለሽ ያገኘሽው ለልብሽ ምግብ ነው። በቀይ የምታከቢው «እርግጠኛ ነኝ» ብለሽ የሳትሽውን ነው። ፖታሺየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በቀጥታ በሲሪንጅ ደም ሥር ውስጥ እንደማይገፋ ታውቂያለሽ፤ ልብ ያቆማል። ይህን በስህተት፣ ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ነርስ፣ ምንም ከማያውቀው ይልቅ ያስፈራኛል። የማያውቀው ይጠይቃል። እንዳንቺ የሚፈራ ተማሪ መጥቶ እንቅልፍ አሳጥቶኝ አያውቅም። እንቅልፍ ያሳጡኝ ያልፈሩት ናቸው።

ይህ አጠናን ለመውጫ ፈተናም ይጠቅምሻል። ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ሳያመጣ የሚመረቅ የዲግሪ ተማሪ የለም፤ ያንቺ ተራ ደግሞ የሚመጣው ዓመት ነው።

አሁን ስለ እጅሽ። «ቤት ሆኜ ምን እሠራለሁ?» ትይ ይሆናል። ብዙ ትሠሪያለሽ።

አንድ ባዶ ሃይላንድ ፈልጊ። ክዳኑን በመርፌ ጫፍ ብሺው። ቂጡ ላይ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አውጪ። ውሃ ሙይና ገልብጠሽ ምስማር ላይ በገመድ አንጠልጥዪው። ከታች ሳህን አድርጊ። የላይኛዋን ቀዳዳ በጣትሽ ስትከድኚ ጠብታው ይዘገያል፤ ስትከፍቺ ይፈጥናል። አሁን ትእዛዝ መጣልሽ እንበል፤ 1 ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይግባ። መስመሩ፣ ማለትም ግሉኮሱ የሚወርድበት ቱቦ፣ ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። 1000 በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ። ሲካፈል 41.67፤ 42 ጠብታ በደቂቃ እንላለን። ስሌቱን ሁሉም ተማሪ ወረቀት ላይ ይሠራዋል። አንቺ ግን ስልክሽን ይዘሽ 15 ሴኮንድ ቁጠሪ። 10 ወይም 11 ጠብታ መምጣት አለበት። 16 ከመጣ ፈጥኗል። ጣትሽን ትንሽ ግፊ። 8 ከመጣ ልቀቂ። የሃይላንዱ ጠብታ መጠን ከእውነተኛው መስመር ጋር አንድ አይደለም፤ የምትለማመጂው ዓይንሽን፣ ሰዓትሽንና ጣትሽን ማስማማት ነው። በሦስተኛው ቀን 42 ጠብታ ምን እንደሚመስል ሰዓት ሳታዪ ይሰማሻል። ያኔ ከባንዱራ አራት ምንጮች የመጀመሪያው ጓሮሽ ውስጥ ፈለቀ ማለት ነው። ውሃውን አታፍሺው፣ ጎመኑን አጠጪበት፤ አለዚያ ከእናትሽ ጋር አላስታርቅሽም።

አያትሽ አሉ? የልብ ምታቸውን ቁጠሪ፤ ጤናማው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ከዚያ እጃቸውን ሳትለቂ፣ ሳትነግሪያቸው፣ ትንፋሻቸውን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ከ12 እስከ 20። ሳትነግሪያቸው ያልኩት ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚለውጥ ነው። እዚህ ላይ ግን አስጠነቅቅሻለሁ። መርፌ በቤተሰብ ላይ አይሞከርም። በሽታ ነግሮ መድኃኒት ማዘዝም አይሞከርም። ቁጥሩ የማያምር ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፣ በቃ።

አያትሽን ለሌላም ነገር ትፈልጊያቸዋለሽ። ያጠናሽውን አንድ ርዕስ፣ ለምሳሌ ደም ብዛትን፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳታስገቢ አስረጃቸው። «ምንም ሳያመኝ ለምን ኪኒን ውሰድ ትሉኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁሻል። ይህን ጥያቄ ስላይዱ አይጠይቅሽም። መልስ ስታጪ «ሃይፐርቴንሽን» የሚለውን ቃል እንጂ ነገሩን እንዳልያዝሽው ታውቂያለሽ። ስትመልሺ ደግሞ የአያትሽ «እንዲያ ነው ለካ!» ከማንኛውም ኤ ይበልጣል። ወደፊት ሥራሽ ግማሹ ይህ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ።

ተማሪ እያለሁ ነው። ሐኪም ቤቱን አልጠራውም። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ ታውቂዋለሽ። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ጋ ካኑላ እንዳስገባ ታዘዝኩ። ሁለት ጊዜ ሳትኩ። ተቆጣጣሪዬ ታማሚው ፊት፣ ጓደኞቼ ፊት፣ «አንቺ እንኳን መርፌ ማንኪያም አትያዢ» ብለውኝ ሄዱ። እንባዬ መጣ። እጄ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። አባትየው ባናቸውን እንደተከናነቡ እጄን ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እጅሽ በረዶ ነው። አንቺም ፈራሽ፣ ደም ሥሬም ፈራ። መጀመሪያ እንሙቅ» አሉኝ። ክንዳቸውን በባናው ጠቀለልኩት። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። አምስት ደቂቃ ያህል ስለ በጎቻቸው አወሩኝ። ባናው ሲገለጥ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ቆሟል። በሦስተኛው ገባ።

ሰውየው ሳያውቁት ትክክለኛውን ሕክምና ነው ያዘዙት። ብርድ ላይ የደም ሥር ይጠብባል፤ ሲሞቅ ይሰፋል። የኔም እጅ የተንቀጠቀጠው ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ብርድ ነበር። እኔ ግን ሁሉንም «አልችልም» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ባንዱራ አራተኛ ያለው ምንጭ ይህ ነው። ሰውነትሽ የሚልክልሽን መልእክት እንዴት እንደምትተረጉሚው። እጅሽ ይንቀጠቀጣል። አትዋሺ፣ ይንቀጠቀጣል። የኔም ተንቀጥቅጧል። ያኔ ክርንሽን አልጋው ላይ አስደግፊ፣ ትንፋሽሽን በረጅሙ አውጪ፣ የቀዘቀዘ ከሆነ አሙቂው። ሆስፒታል በተመለሳችሁ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ «ይህን አንድም ጊዜ በእጄ አልሠራሁም፣ አንዴ ያሳዩኝ» በዪ። በርቀት የተማራችሁ ሁሉ ያው ናችሁ፤ አንቺ ስትዪው ከኋላሽ ያሉት አምስት ልጆች ተንፈስ ይላሉ። ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 የነርስን ዕድገት በአምስት ደረጃ ስትከፍል የመጀመሪያዋን ለጀማሪ ነው የሰጠችው። ጀማሪ ጀማሪ ቢሆን ነውር የለውም።

እንቅልፍ ስለማጣትሽ አንድ ነገር ልበል። ፈተና ሲቃረብ ከሆነ የሁላችንም ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ከሆነ፣ ምግብም ካስጠላሽ፣ ድሮ የምትወጂው ነገር ደስ ካላለሽ ግን እሱ በራስ የመተማመን ጉዳይ አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ። ለታማሚ የምትመክሪውን ለራስሽ አትንፈጊ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው የቀረው፤ ስለ መምህርሽ። «ምንም አልገባኝም» ብለሽ ከጻፍሽ ምን እንደሚመልሱልሽ ይቸግራቸዋል። ከየት ይጀምሩ? እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው።

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የፈሳሽና ኤሌክትሮላይት ምዕራፍ ላይ፣ ሶዲየም ሲወርድ ታማሚው ለምን ግራ እንደሚጋባ እያነበብኩ ነበር። ውሃው ወደ ሴሎቹ ይገባል፣ አንጎልም ያብጣል ብዬ ተረዳሁት። ትክክል ነኝ?»

ይህን የሚያነብ መምህር ሰነፍ ናት አይልም። የሞከርሽውን አይቷልና። መልሱን በአንድ ቃል፣ በስልክም፣ ታክሲ ውስጥም ሆኖ መስጠት ይችላል። ጠዋት ላኪው እንጂ እኩለ ሌሊት አትላኪው። በሁለት ቀን መልስ ካልመጣ ያንኑ መልእክት ድገሚው፤ አትቀየሚ። እኔ ራሴ በ2012 ከመቶ በላይ ካልተነበቡ መልእክቶች ሥር የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ተቀብሮብኝ፣ በወሩ ነው ያገኘሁት። አፍሬ ደወልኩላት። «ግድ የለም ሲስተር፣ ስጽፍልዎት ነው የገባኝ» አለችኝ።